አይጥ የነካው አልጋ

ነይ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ የኔ ልጅ። ቦርሳሽን ወዲህ በይው፣ እኔ እይዝልሻለሁ። ሰው የለበትም፤ የጥበቃው ሽማግሌ ወንበር ነበር፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማንም አልደፈረውም። በዚህ ሰርቪስ ወንበር ማለት ሥልጣን ነው፤ ባለቤቱ በፈቃዱ ካልለቀቀ አይያዝም። አንቺ ሒሳብ ክፍል የገባሽው አዲሷ ነሽ አይደል? እኔ መዝገብ ቤት ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ መንገድ ተመላልሻለሁ፤ መንገዱም እኔም እኩል ተቦርቡረናል።

ብርዱስ ዛሬ! መስኮቱን አትታገዪው፣ እሱ አይዘጋም። ሻርፔን ጣል አድርጊበት… እንደሱ። ቁርስ ቀምሰሽ ነው የወጣሽው? መንገዱ እኮ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው፤ መንገድ ከተዘጋጋማ ምሳም ይደርሳል። አንዳንዱ ይተኛል። አንዳንዱ ጸሎቱን ያደርሳል። ከፊታችን ያለችው እህት እንደምታዪያት ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ዘፈኗን ትሰማለች… ደግ አደረገች፣ የሰው ወሬ ከመስማት ዘፈን ይሻላል።

እኔ ስልክ ነው የማየው። ሳቂብኝ ግን ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበትን ገበያ ነው የማየው። አልገዛም፣ ዝም ብዬ የሰው ቤት ጓዳ አያለሁ። ክዳን የሌለው ድስት፣ ድስት የሌለው ክዳን፣ ልብስ ማስጫ ሆኖ የከረመ የስፖርት መሣሪያ። ባለፈው አንዷ የሙሽራ ቀሚሷን አውጥታ «ለአንድ ቀን ብቻ የተለበሰ» ብላ ጽፋለች። እና ስንት ቀን ሊለበስ ኖሯል? ገዢዎቹ ደግሞ ይብሳሉ። «አለ?» ብለው ይጠይቃሉ፣ «አለ» ሲባሉ ይጠፋሉ። ፈላጊነታቸውን ብቻ አስመዝግበው የሚሄዱ!

በዚህ ሞያ ግን አንዲት የማውቃት ሴት አለች… ስም አልጠራም። እኔ ሰው ማማት አልወድም፣ አሽሙርማ ጭራሽ አይሆንልኝም። እንዲያውም ላመሰግናት ነው። ደግሞ የምትኖረው ሩቅ ነው፣ እጅግ በጣም ሩቅ። ከዚህ ብጮህ እንኳ አትሰማኝም።

እጇ የተባረከ ነው ልጄ። የነካችው ሁሉ ይሸጣል። ትናንት የተቀመጥሽበት ወንበር ዛሬ የለም፤ ቤቷ የሄደ እንግዳ ቆሞ ነው ሻይ የሚጠጣው። እኔ ራሴ ባለፈው ኮቴን በሩ ጀርባ ሰቀልኩና፣ ልቤ አላርፍ ሲለኝ ተመልሼ አውርጄ ለበስኩት። «የሴት ኮት፣ ንጹሕ፣ መካከለኛ» ተብሎ ቢወጣስ? ሞያ በልብ ነው ይባላል፤ የእሷ በስልክ ነው። የተሰነጠቀ ሳህን በመስኮት ብርሃን አዙራ ስታነሳው፣ ሳህኑ ራሱ ራሱን አያውቅም። መቼም ቤት እንደሷ ያጸዳ ሰው አላየሁም… ሰው ብቻ ነው የቀረው።

አሠራሯንም ብነግርሽ ትደነቂያለሽ። ዕቃውን ማታ በፌስታል ትቋጥራለች። ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ይዛው ሰርቪስ ትሳፈራለች። ገዢው ፌርማታ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ በመስኮት አቀብላው መንገዷን ትቀጥላለች። ሾፌሩም ለምዶባት ፌርማታው ጋ ሲደርስ ያቀዘቅዝላታል… የእሷ ሾፌር ማለቴ ነው፣ የሩቋ። የእኛማ ሥርዓት ያለው ሰው ነው፣ አይደል እንዴ አንተ? አየሽው፣ በመስተዋቱ ሳቀ።

ዝምድናችን ቅርብ ነው፣ አልደብቅሽም። አንድ ታናሽ ወንድም አለኝ፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። እሱ ነው ያገባት። እሷ ከሁለት ልጆቿ ጋር አባቴ ቤት ትኖራለች። ይህን ብዬ እውነቱን ሳልናገር ባልፍ ኩነኔ ይሆንብኛል፤ አራት ዓመት ሙሉ አባቴን የያዘችው እሷ ናት። ልብሱን ያጠበችው፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ያቀበለችው፣ ሌሊት ሲያስለው የተነሳችው እሷ። እኔ እሁድ እሁድ ብርቱካን ይዤ እሄዳለሁ፤ ለአንድ ሰዓት ጥሩ ልጅ ሆኜ እመለሳለሁ። ይህ ሲታወሰኝ ምላሴ ይተሳሰራል… ደግነቱ ብዙ አይቆይም፣ ይፈታል።

አባቴ አናጺ ነው፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱ። ከሁለት ወር በፊት ደጃፉ ላይ አዳልጦት ዳሌው ተሰበረ። ሆስፒታል በገባ በአምስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬን ሳገላብጥ አንድ አልጋ አየሁ። «ጠንካራ የእንጨት አልጋ። በእጅ የተሠራ። ባለቤቱ ከእንግዲህ አይፈልገውም። ግርጌው ላይ ጠርዙን ትንሽ አይጥ ነክቶታል።»

አይጥ! አንቺ ልጅ፣ ያንን ጠርዝ እኔ እንደ መዳፌ ነው የማውቀው። ወንድሜ ጥርስ ሲያወጣ ድዱን ሲበላው የአባቴን አልጋ ግርጌ ይዞ ይቆምና እንጨቱን ያኝክ ነበር። ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች፣ አራት የወተት ጥርስ። እናቴ ነፍሷን ይማረውና «ላግልኝ ይሄን» ስትለው አባቴ እምቢ አለ። «የሠራሁት እኔ፣ የፈረመበት እሱ» ብሎ ተወው። እና ያ አይጥ አደገልሽ። ጺም አበቀለ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣ፣ አግብቶ ወለደ። ታዲያ ሴት ባሏን በጥርሱ እንኳ ካላወቀችው በምን ታውቀው? አልፈርድባትም። ወር በወር ብቅ የሚል ፍጡር፣ መጥቶ የተገኘውን ቀማምሶ የሚሄድ… አይጥ ቢመስላት ምን ይገርማል?

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ። እሷ ጨዋ ናት፣ አጥሩን ንክችም አላደረገች። አልጋውን ብቻ ነው የነቀነቀችው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ ከታመመ ሰው ክፍል ደግሞ አልጋ ይወጣል ማለት ነው።

እኔ ምን አደረግኩ መሰለሽ? ገዛሁት! ማታውኑ ቤት ገብቼ በባሌ ስልክ። የእሱ ፎቶ ቦታ ላይ ያለው መኪና ነው፣ ማን ያውቀዋል። «አለ?» አልኩ። «አለ፣ ቶሎ ይወስኑ፣ ብዙ ፈላጊ አለው» አለችኝ። «ባለቤቱ ምነው ጠላው?» አልኩ። «ሽማግሌ ናቸው፣ ሆስፒታል ናቸው፣ የሚመለሱ አይመስለኝም» ብላ ጻፈች። ከጎኑ የሚያለቅስ ፊት ለጠፈችበት። አንድ አይደለም፣ ሦስት! በሐዘን በኩል እጇ ሰፊ ነው።

ማስታወቂያውን ያየሁ ጠዋት እዚሁ ሰርቪስ ውስጥ አለቀስኩ፣ አላፍርም። እናቴ ያረፈችው እዚያ አልጋ ላይ ነው። ከሥራ ወጥቼ ሆስፒታል ስሄድ ደግሞ አባቴ ባለ አራት እግር መደገፊያውን ይዞ ስድስት እርምጃ ሄዶ ጠበቀኝ። ስድስት! እንደ ሕፃን ቆጠረልኝ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አልጋዬን ፀሐይ ላይ አወጣችሁልኝ ወይ? ፍራሹ እንዳይሸት።» «ወጥቷል አባዬ» አልኩት። አልዋሸሁም።

ለምን ያኔውኑ አልተናገርሽም ትይኝ ይሆናል በሆድሽ። ለማን ልናገር? መሪ ለጨበጠ ወንድሜ? ገደል ይግባ? አባቴም ከሰማ ሰባተኛዋን እርምጃ አይራመዳትም፤ ሰው ወደማይጠብቀው ቤት ማን በእግሩ ይሄዳል? ስለዚህ ዋጥ አደረግኩት። አልጋው እሷ በማታውቀው ዕቃ ጫኝ መጥቶ ሳሎኔ ውስጥ ቆሟል፤ ባሌ ሦስት ሳምንት ሙሉ ራስጌውን ተሻግሮ ነው ቴሌቪዥን የሚያየው።

ትናንት ሐኪሙ «ቅዳሜ ይወጣሉ» አለን። መራመድ የምታለማምደው ልጅ ደግሞ «በነጠላ ጫማ እንዳታስወጧቸው፣ ይወድቁባችኋል፤ እግራቸው የለመደውን፣ ሶሉ የማያንሸራትተውን አምጡላቸው» አለች። አባቴ ወዲያው «ቡናማው» አለ። ሐኪም ያዘዘለት ጫማ ነው፣ በእግሩ ልክ ተለክቶ የተሠራ፤ ሌላ የለውም። ማታ ቤቴ ገብቼ ስልኬን ብከፍት… «የወንድ ቆዳ ጫማ፣ ቡናማ፣ ብዙ ያልተረገጠ።»

እሱስ እውነቷን ነው። ሰውየው ሁለት ወር በጀርባው ተኝቶ በምን ይርገጠው? ልግዛው ብዬ ብነካው «ተሸጧል» ይላል። «ነገ ጠዋት ፌርማታ ላይ ማስረከብ» ይላል ከሥሩ። ነገ ጠዋት ማለት… ዛሬ አይደለች?

የሰው ነገር መመሳሰሉ! ከፊታችን ያለችው እህትም ጉልበቷ ላይ ፌስታል አቅፋለች። እንግዲህ ዳቦ ይሆናል። ተረከዝ ያለው ዳቦ። አይ፣ ማዳመጫሽ ወደቀ ብለሽ አትንኪያት፣ ተያት። ገመዱ እኮ ስልኩ ላይ አልተሰካም፤ ከተነሳን ጀምሮ ሜዳ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የመጣው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ ነበር ድሮ… ዛሬ ሳይተዋወቁ አልቀሩም።

ያውልሽ፣ ፌርማታው መጣ። ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ ይታይሻል? ስልኩን እያየ፣ ሰርቪሱን እያየ። ደህና ሰው ይመስላል፣ ምን አጠፋ። እኔ ብሆን ግን፣ እንዲያው እኔ ብሆን ማለቴ ነው፣ ምን አደርግ ነበር መሰለሽ? ፌስታሉን በወንበሩ ሥር ወደኋላ ገፋ። ከዚያ ለገዢው «ይቅርታ፣ ባለቤቱ ፈለገው» ብዬ ጻፍ። አለቀ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ክፍሉን ጠራርጌ፣ የተከመረውን ሸቀጥ አንስቼ፣ በሩን ከፈት አድርጌ እጠብቅ ነበር፤ አልጋ የጫነ መኪና አይጠፋም። ወንድሜ አይሰማ፣ አባቴ አይሰማ። አልጋ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ነበር፣ ተመለሰ። እኔም ከእንግዲህ በእሁድ ብቻ አልመጣም፤ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ የእኔ ተራ ይሁን፣ እሷም ትረፍ እንጂ፣ ሰው ናት። የሰማ ላልሰማ ያሰማ… ለሩቋ ነው እንግዲህ።

እህ… አለፍነው እኮ። ሰውዬው እጁን እያውለበለበ ቀረ፤ ሾፌራችንም አቀዝቅዞ አቀዝቅዞ ግራ ገብቶት ሄደ። ኧረ እግሬን ምን ነካው? ውይ! ፌስታል! ከየት ተንሸራቶ መጣ ይሄ? መንገዱ ነው መቼም፣ ይሄ መንገድ ዕቃ ያንከባልላል። ቆይ፣ ገለጥ ላድርገው… ቡናማ ነው። ማሰሪያው ሳይቀር ታስሮ፣ ተወልውሎ። ምን ዓይነት ሴት ናት፣ ለባዕድ ስትሸጠው እንኳ ወልውላዋለች… መሐረብ ይኖርሻል የኔ ልጅ? አይ፣ ምንም አልሆንኩም፣ መስኮቱ ነው።

ደረስን በይ። ቦርሳሽን ያዢ፣ ደረጃው ከፍ ይላል። እኔ እንግዲህ ቂም የሚባል ነገር አላውቅም፣ ያቺን ሩቋን መርቄያት ልውረድ። ዕድሜ ይስጣት። የአባቴን ዕድሜ ሰጥቶ ከላዩ ይጨምርላት። ሽበት ያብቅላት፣ ምርኩዝ ያስይዛት። ልጆቿ ይባረኩላት፤ ከአጠገቧ አይራቁ፣ ደክማ ስትተኛ ክፍሏን እየገቡ ይዩላት። የእናታቸውን እጅ እያዩ ነው ያደጉት፣ እጇን ይውረሱ። እሷ አባቴን እንደያዘችው፣ ከዚያ ሳያጎድሉ፣ ከዚያ ሳይጨምሩ፣ ልክ እንደዚያው አድርገው ይያዟት። አሜን በይ እንጂ የኔ ልጅ… ምርቃት እኮ ነው።