የይስማው ሸሚዝ ለልጁ ክርስትና

ጥር 14 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ካርቱም ጀብራ ሰፈር ባለው የህሊና ልብስ ስፌት ቤት ተቀምጬ ነበር። ያመጣሁት የባለቤቴን የይስማውን ነጭ ሸሚዝ ነው። ይስማው ልጃችን በተወለደች በወሯ በወባ ሞተብኝ። ሌላውን ልብሱን በአርባው ለነዳያን ሰጥተን፣ ይህን የሰንበት ሸሚዙን ግን መስጠት አቃተኝ። በማግስቱ ልጄ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ትነሣለች፤ አባቷ ባይኖርም ሸሚዙ ቀሚስ እንዲሆናት ፈለግሁ።

ህሊና እዚሁ ካርቱም ተወልዳ ያደገች፣ እየሰፋች የምትማር የነርስነት ተማሪ ናት። ሸሚዙን ዘርግታ መቀሱን ስታነሣ፣ ለልጄ የክርስትና እናት የሚሆኑት እትዬ ለተብርሃን የቦርሳቸውን ዚፕ ሊያስቀይሩ ድንገት ገቡ። ሸሚዙን ዐወቁት።

«ዝናሽ! ምን ልታደርጊ ነው?»

ነገርኳቸው።

«በስመ አብ! የሟች ልብስ ለሕፃን? ሞት ይለምዳታል! ሱቁ ሞልቶ የለም ወይ? እኔው እገዛላታለሁ። ይህን ካለበስሻት ግን አላቅፋትም፤ ሌላ እናት ፈልጊላት።»

በዚህ አገር ከእሳቸው ሌላ እናት የምለው ሰው አልነበረኝም።

ህሊና መቀሱን አስቀመጠች። «ኻልቲ፣» አለች፣ በዐረብኛ አክስቴ ማለቷ ነው፤ «እስኪ ይቀመጡ። እንዴት ነው ሞት የሚለምዳት?»

«በሽታው ጨርቁ ላይ አለ!»

«ወባን የምታመጣው ትንኝ ናት እንጂ ሸሚዝ አይደለም፣ ወላሂ። ደግሞም ዝናሽ በፈላ ውሃ አጥባዋለች፤ እኔም ተኩሼዋለሁ።»

«ትምህርቱን ሳትጨርሺ ሐኪም ሆንሽ?»

«ኢንሻአላህ ስጨርስ ደም ግፊትዎን በነጻ እለካለሁ። ዛሬም ከፍ ያለ ይመስለኛል።»

እትዬ ሳቃቸውን ዋጡት። «በሽታውስ ይሁን። ገዱስ?»

«በአርባው የይስማውን ልብስ ያከፋፈለው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ! በገዛ እጄ።»

«የተቀበሉት ሰዎች ይሙቱ ብለው ነው?»

«አንቺ ክፉ አፍ! እንዲለብሱት፣ ነፍስ ይማር እንዲሉለት ነው እንጂ።»

«ታዲያ ለነዳያን በረከት የሆነ ልብስ ለገዛ ልጁ እርግማን ይሆናል?»

ሐዘንተኛ የመከራከር አቅም የለውም፤ ልማድ ያዘዘውን ይፈጽማል። ህሊና ግን ልማዱን ሳትንቅ በልማዱ ሞገተችልኝ።

እትዬ ጨርቁን ዳሰሱት። «አንገቱ አልቋል እኮ።»

«አንገቱን ቆርጬ እጥለዋለሁ። ቁልፉን ወደ ኋላ አዞረዋለሁ፤ ካህኑ አውልቁ ሲሉ ቶሎ ይከፈታል። ከሁለቱ እጅጌ ደግሞ ሱሪ ይወጣል። በመታጠብ የለሰለሰ ጥጥ ገላዋን አይፈጃትም፤ አዲሱ የሱቅ ልብስ እንደ ካርቶን ነው።»

«እኔ ልገዛበት ያሰብኩት ገንዘብስ?»

«ለእናትየዋ ሥጋ ይግዙላት፤ ጡቷ ወተት ይያዝ።»

እትዬ ሸሚዙን ለህሊና መለሱላት። «እንግዲያው ደረቱን ሰፋ አድርጊው፤ ልጅ ቶሎ ያድጋል። ያላ፣ ስፊ!»

በሐዘኔ ውስጥ በረዥሙ የተነፈስኩት ያን ዕለት ነው። ንጹሕ ሆኖ የተሰፋ አሮጌ ልብስ ወጪ ያድናል፣ ሕፃንን ያሞቃል፤ የሞተውንም ሰው አያስረሳም።

በማግስቱ እሑድ እትዬ ለተብርሃን ከአባቷ ሸሚዝ የተሰፋውን ቀሚስ የለበሰችውን ልጄን አቅፈው ክርስትና አስነሡ። የክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን ነው።