የሃርድ ዲስኩ ቀሚስ

መሊካ! ነይ እስቲ፣ እዚች ጥላ ስር አረፍ በይ። አከም ጂርታ? ፈያዳ? ረቢፍ ገለታ። ልጆቹስ ደህና ናቸው? ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል? የዘንድሮው የከሚሴ ፀሐይ እኮ አናት ይበሳል... ሰንበቴ ገበያ ደግሞ ይብሳል አሉ፣ አይደል? ለመሆኑ የገዛችኋቸው ፍየሎች እንዴት ናቸው? ወንድሜን ሙህዲንን ካንቺ ጋር የላክሁት ወድጄ አይደለም፤ ብቻውን ብልከው ወሬ ሲሰልቅ ገበያው ይበተንበታል። አላህ ይስጥሽ እህቴ፣ ለልጄ ለፊርደውስ ኒካሕ የደከምሽውን በልጆችሽ ይክፈልሽ።

እኔማ ይሄውልሽ፣ አሁን ከዚህ ቤት መውጣቴ ነው። ከማን ቤት አትበይኝ... ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ስም መጥራት ምን ያደርግልናል? መስኮቱም ክፍት ነው። ይከፈት፣ ነፋስ ይግባለት። እኛ ስለ ጥሩ ሰው ነው የምናወራው፤ ጥሩ ሰው ደግሞ ወሬው ጆሮው ቢገባ ምን ይሆናል?

ወላሂ መሊካ፣ ይሄ ሰፈር እንደሱ ያለ ሰው አግኝቶ ያውቃል? እስቲ ንገሪኝ። ሌላው ወንድ ሲያልፍለት ክፍል ይጨምራል፣ በረት ይጨምራል። የኛ ጎረቤት ግን ቤት የሚጨምረው ለኮምፒውተሩ ነው። መጀመሪያ አንዷን ኮምፒውተር ሳሎኑ ጥግ አስቀመጠና «ሰርቨር» አላት። እኛም ከየቤታችን በስልካችን፣ በሱ ዋይፋይ እየገባን፣ መንዙማውንም የሰርጉን ቪዲዮም የሕንዱን ፊልምም አየን። ማሻአላህ አላልንም? እኔ ራሴ ሽንኩርት እየከተፍኩ መንዙማ ስሰማ ስንቴ መርቄዋለሁ! ኮምፒውተሯ ስትሞላበት ደግሞ ከአዲስ አበባ ያንን ጥቁር ሳጥን አስመጣ። ታውቂው የለ፣ ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚደረደርበት፣ በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያያዝ፣ ከኋላው ትንሽ ማራገቢያ ያለው። እሱም ሞላና ሌላ ሳጥን ተጨመረ። ሰው በልጅ ብዛት ሲኮራ አይቻለሁ፣ በከብት ብዛት ሲኮራም አይቻለሁ፤ በሳጥን የኮራ ግን ከሱ ሌላ አላየሁም... ደግሞስ ምን አለበት? ሳጥን ጫማ ግዛልኝ አይል፣ ዐረብ አገር ልሂድ ብሎ አያስጨንቅ።

ደግነቱንስ ታስታውሺ የለም? በየቤቱ ዞረ እኮ! «ስልካችሁን ለምን ታጨናንቁታላችሁ? ሚሞሪ ካርድ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ሕፃን ይውጠዋል። ለኔ ስጡኝ፣ እኔ ጋ ምንም አይጠፋም» እያለ። ያንቺን ልጅ የሙሀመድአሚንን ሰርግ ወሰደ። የኔን የአባቴን ድምፅ ወሰደ። ገልብጦ ሲያበቃ ካርዳችንን እንኳ ባዶውን ሊመልስልን አልወደደም፤ የነበረውን አጥፍቶ፣ ፊልም ሞልቶ ነው የመለሰልን። እንዲህ ያለ ቸር የት ይገኛል? የሟች አባቴን ድምፅ ይዤ ሄጄ ሁለት የሕንድ ፊልም ይዤ ተመለስኩ። ተዋናዩ ደግሞ ሲያለቅስ ያምርበታል።

የሳጥኖቹን አያያዝ ብታይማ... ሱብሐነላህ! እኛ ቤት ቴሌቪዥኑም ቴፑም ዳንቴል ይለብስ የለ? አቧራ እንዳይገባበት፣ ለዓይንም እንዲያምር። እኔ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ነገር ቢኖር እኔው ራሴ ነኝ። እሱን ግን ዳንቴል መች በቃው! ሳጥኖቹን አቅፎ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄደ። እንደ ሙሽራ ተለኩ። ወፍራም ከፋይ ቀሚስ ተሰፋላቸው፣ ከታች ላስቲክ የገባለት፣ ጥፍንግ አድርጎ የሚይዝ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው። ማራገቢያው ሲዞር ድምፅ ያሰማልና እንግዳ እንዳይረብሽ፣ በዚያ በኩል ድርብ አስደረገው። አየሽልኝ አስተዋይነቱን? ማራገቢያውን የገጠመው ፈረንጅ የከሚሴን አቧራ የት አውቆት? ይኸው እኛ በዚህ ሙቀት ሻሻችን ሲከብደን፣ ሳጥኖቹ ከፋይ ለብሰው እንደ አማት ሳሎን ተቀመጡ።

አንድ ቀን እንዳጋጣሚ እጄን ጣል ባደርግበት ፈጥኜ አነሳሁት። «ይሄ ነገር ትኩሳት የለበትም?» አልኩት። «ሥራ ላይ ስለሆነ ነው፤ ሰውስ ሲሠራ ይሞቀው የለ?» አለኝ። መልስ እኮ አያጣም! እኔም ሰው ሲሞቀው ልብሱን ያወልቃል ልል ነበር... ግን ቤቱ የሱ፣ ሳጥኑ የሱ፣ ምን አገባኝ? የቤቱ ድመት ብቻ ነገሩ ተስማምቷት ነበር። ዝናብ ሲጥል እዚያ ላይ ወጥታ ነበር የምትተኛው።

አሁን ለምን ገባሁ መሰለሽ? ዓርብ የፊርደውስ ኒካሕ አይደል? አባቴን፣ ሼህ እንድሪስን ታውቂያቸዋለሽ። ያኔ ታመው ተኝተው ሳለ፣ ፊርደውስ ገና ተማሪ ነበረች፣ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ዱአ አደረጉላት። ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው፣ «የኒካሗ ቀን እኔ አልኖርም፤ ይቺን አሰሟት» አሉኝ። በስልኬ ቀዳሁት። ግማሹ ባማርኛ፣ ግማሹ በኦሮምኛ፣ መሐል ላይ ሳል ያቋርጣቸዋል... ሳሉን እንኳ እወደው ነበር። ልጄ ከአያቷ የቀራት ስጦታ እሱ ብቻ ነው፣ ሌላ የለም። ዓርብ ሰዉ ተሰብስቦ በድምፅ ማጉያ ላሰማላት ብዬ፣ ያንን ልወስድ ነው የገባሁት።

ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ትንሽ እረፍት ይፈልጋል» አለኝ። ማን? ሳጥኑ! ሥራ በዝቶበት! ቀስ እያልኩ ስጠይቀው ስጠይቀው፣ ለካ አንደኛው ሳጥን ከነቀሚሱ ግሎ ግሎ ዲስኩ ተቃጥሏል። እኔም ተላላዋ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ሁለተኛው አለ አይደል?» አልኩት። ሁለት ነገር ያለው ሰው አንዱ ቢጠፋ አንዱ ይቀረዋል ብዬ ነዋ! «እነሱ እኮ አንድ ናቸው» አለኝ። ቦታ እንዲሰፋለት ብሎ አጣምሯቸዋል፤ ከየቪዲዮው፣ ከየድምፁ፣ ግማሹን ቁራጭ አንዱ ሲይዝ ግማሹን ሌላው። አንዱ ሲሞት በሌላው ውስጥ የቀረው ብጥስጣሽ ነው፣ ለማንም አይሆን። እንዲህ ያለ ፍቅር አይተሽ ታውቂያለሽ? ባል ሲሞት ሚስት አብራ የምትገባለት! እኛ ሁለት ሳጥን ባየን ቁጥር አንዱ ያንዱ መጠባበቂያ መስሎን በሰላም እንተኛለን... እሱ ለካ ለፊልም ቦታ እያሰፋ ነበር።

አልሰነፈም ደግሞ፣ ሐቅ ሐቁን እንናገር። ደሴ ድረስ ወስዶ ለባለሙያ አሳይቶታል። ባለሙያው ከፈተው፣ አሸተተው፣ «ይሄ አልቋል» ብሎ መለሰለት። ቀሚሱን ግን በጣም አድንቆለታል አሉ፤ ማን ሰፋልህ ብሎ ጠይቆታል። መቼ ነው ይሄ የሆነው ብትይኝ፣ ረመዳን ሳይገባ። አዎ! ረመዳን ሳይገባ! እኛ እንዳናዝን ብሎ፣ ጾማችን እንዳይበላሽ ብሎ፣ ለብቻው ይዞት ከረመ። በየቀኑ ደጄ ላይ ሲያልፍ፣ «የኒካሑ ዝግጅት እንዴት ይዟል?» እያለ ይጠይቀኝ የለ? እኔም «ሁሉ ነገር ሞልቷል፣ የቀረኝ ያንተው ብቻ ነው» እለዋለሁ። እሱም ፈገግ ይላል። ይሄን የመሰለ ሆድ ያለው ሰው... ያንን ሁሉ ሐዘን ብቻውን ተሸክሞ ፈገግ የሚል! እኔ ብሆን አልችለውም።

አሽሙር አድርገሽ እንዳትወስጂብኝ። አንቺ ደግሞ ፊትሽን አታጥቁሪ፣ የሙሀመድአሚን ሰርግም እዚያው ውስጥ ነበር መሰለኝ... አይዞሽ፣ ልጁ እንኳን ደህና ሆነ እንጂ ቪዲዮው ምን ያደርጋል? ሲፈልግ ደግሞ ያገባል።

እውነቱን ልንገርሽ መሊካ? አለቀስኩ። እዚያው ሳሎኑ ውስጥ፣ ሳጥኖቹ ፊት ለፊት ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በጣም ነው የከፋኝ። ዲስክ ተቃጠለ ብዬ አይደለም፤ አባቴ ሁለተኛ የሞቱ ነው የመሰለኝ። ደግሞ ያንን ዱአ በቃሌ ልለው ብሞክር፣ የለም! «ቤትሽ እንደ ጨፋ ሜዳ ሰፊ ይሁን» ያሉ ይመስለኛል። ሙህዲን ትናንት እንዲሁ ስናወራ፣ «የለም፣ እንደ ጨፋ ሜዳ የለመለመ ነው ያሉት» አለኝ። እህቴ ዘይቱና ደግሞ ጨፋ የሚባል ነገር ጨርሶ አላነሱም ትላለች። ከዚያ በኋላ በኦሮምኛ ያሉትንማ አንዳችንም አልያዝነውም። ድሮ ብንሆን ሰው ሁሉ በቃሉ ይይዘው ነበር። ሳጥኑ ይዞልናል ብለን አልነበር ዝም ያልነው? ፊርደውስ እስካሁን አታውቅም። ሂናዋን ልትሞቅ ከጓደኞቿ ጋር እየሳቀች ነው የወጣችው፣ ምን ብዬ እንደምነግራት ጨንቆኛል።

እሱ ግን እንባዬን ሲያይ አንጀቱ አልቻለም። መሐረብ ሰጠኝ። «አብሽሪ» አለኝ፣ «ሌላ ሳጥን አዝዣለሁ፣ ከነዚህ ሁለቱ ይበልጣል፣ የፈለግሽውን ሁሉ ይችላል!» እኔም ልቤ ቀለል አለኝ። ሰፊ ነው ማለት ነዋ። ባዶ ነገር ደግሞ ሲሰፋ ምንኛ ያምራል... አባቴ ከመቃብር ተነስተው እስኪመጡ ቦታ ይዞ ይጠብቃቸዋል። ልወጣ ስልማ ከበሩ መለሰኝ። ለይቅርታ ነው ብዬ ዞር አልኩለት። ለካ ለአዲሱ ሳጥን ቀሚስ ሊያሰፋ ነው፤ «አረንጓዴው ይሻላል ወይስ ቀዩ?» አለኝ። ሴት ቀለም ታውቃለች ብሎ ማማከሩ ነው፣ አላህ ያክብረው። አረንጓዴው ይሻላል አልኩት። ምን ልበለው?

ዓርብ ይመጣል፤ ጠርቼዋለሁ። ለምን አትይኝ! ጎረቤት አይደለም እንዴ? ከሽማግሌዎቹ ጎን ነው የማስቀምጠው፣ ከተከበረው ቦታ። ፊርደውስም «አያቴ ያሉልኝን አሰሙኝ» ባለች ጊዜ፣ ከሱ የተሻለ የሚያስረዳት ማን አለ? ተነስቶ ይንገራት። አንደበቱ እንደሆነ ማር ነው፣ ሳጥኖቹ እንዴት እንደተጣመሩ ሲያብራራ ሰው ምግቡን ይረሳል።

በይ እንግዲህ ፀሐዩም ዞረብን፣ እኔም ፍየሎቹን ልይ። ቆይ ግን... የደግ ሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሳይመርቁ መነሳት ነውር ነው። እጅሽን ዘርጊ። ከፍ አድርገን እንበለው፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ የቤቱ ሰዎችም አሚን ይበሉ። ያ ረቢ፣ የዚህን ቤት ባለቤት ዕድሜ አርዝምለት። ጤናውን ስጠው። የልጆቹን ልጆች አሳየው፣ እጁን ራሳቸው ላይ ጭኖ የሚመርቅበትን ቀን አምጣለት። እሱ ካለፈ በኋላ ደግሞ፣ የልጅ ልጆቹ ናፍቀውት፣ ድምፁን እንስማ ባሉ ጊዜ... ያ ረቢ፣ ያን ድምፅ በአደራ የሚያስቀምጥላቸው ልክ እንደሱ ያለ ሰው ስጣቸው። አሚን በይ እንጂ መሊካ!