የተቃጠሉት ካርዶችና የሰባቱ አባቶች ቆጠራ

ሽማግሌው ሳርሰንባይ የጠፋች ባዝራቸውን ፍለጋ ከመንደር በወጡበት ጠዋት ከክሊኒኩ ጓሮ ጥቁር ጭስ ሲነሣ አዩ። ፈረሳቸውን ወደዚያ መለስ ቢያደርጉ አንዲት ልጅ የሽቦ አጥሩን ይዛ ቆማለች። የጎረቤታቸው ልጅ ራውሻን ነበረች፤ ከተማ ሕክምና ትማራለች፣ ለእረፍት መምጣቷ ነው።

«ምን እያቃጠሉ ነው፣ ልጄ?»

«የሕክምና ካርዶቻችንን ነው፣ አባባ» አለች በቀስታ።

ሳርሰንባይ ካርዶቹን ያውቋቸዋል። ከተራራው ማዶ ወታደሮች ምድር የሚያናውጥ ፍንዳታ ባፈነዱ ቁጥር፣ የክሊኒኩ ሰዎች መንደሩን ጠርተው ጣት ይወጋሉ፣ አንገት ይዳብሳሉ፣ ይጽፋሉ። መድኃኒት ግን ሰጥተው አያውቁም። አሁን ፍንዳታው ቆሟል፤ ከዋናው ከተማም ፍንዳታው ያመጣውን በሽታ የሚያጣሩ መርማሪ ሐኪሞች ሊመጡ ነው ተብሏል።

ወረቀቱን በመንሽ የሚያገላብጠው ዘበኛ «ምን ይገትራችኋል? አይጥ የበላው ቆሻሻ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌውን ሲለያቸው ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባባ፣ በሞቴ ይሂዱ። ስም የሚመዘግብ ሰው ውስጥ ተቀምጧል።»

የመስኮቱ መጋረጃ ተነቃነቀ። ሳርሰንባይ ከፈረሳቸው ወርደው ልጓሙን እየጎተቱ ከልጅቷ ጋር ፈጠን ፈጠን አሉ። ክሊኒኩ ከዐይን እስኪሰወር ድረስ አልቆሙም።

«መርማሪዎቹ መዝገብ ሲጠይቁ፣ እዚህ የታመመ ሰው ኖሮ አያውቅም ይባላሉ» አለች ራውሻን። «እርስዎ ግን የመንደሩን የዘር ሐረግ ሁሉ በቃልዎ ይዘዋል። በየቤቱ ማን ታሞ ማን እንደ ሞተ ቢነግሯቸውስ?»

«እኔ የማውቀው አባቶችን ነው። ስም ሳይወጣለት የሞተ ሕፃን በሐረግ አይቆጠርም።»

«ለምን?»

«ለምን ትላለች ደግሞ! ከተማ የላኩሽ ይህን እንድትጠይቂ ነው? ያልዘለቀ ምን ተብሎ ይቆጠራል?»

«ዳርመንስ፣ አባባ? እሱ እኮ ስም ነበረው።»

ሽማግሌው ቀጥ ብለው ቆሙ። ዳርመን የልጅ ልጃቸው ነበር፤ ሳይቆምና ሳይራመድ፣ በጓዳ ተደብቆ ኖሮ በጓዳ የሞተ።

«የእሱን ስም መንገድ ላይ አትጥሪ!»

በዚያ አገር በሽታ እንደ ሌብነት ይደበቅ ነበር። ሕመምተኛ አለበት የተባለ ቤት ሴት ልጁን የሚወስድለት አያገኝም። ክሊኒኩ ጽፎ ሲደብቅ መንደሩም ቀብሮ ይደብቃል፤ ሁለቱ ሳይመካከሩ አንድ ጌታ ያገለግሉ ነበር።

«ነገ ለባልዚያ ሽማግሌዎች ይመጣሉ» አሉ ሳርሰንባይ። ባልዚያ የዳርመን እኅት ናት።

«ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ አለዎት። አንገቷ ላይ ያለውን እብጠት አይተውታል?»

«ሻሽ ታስርበታለች።»

«ሻሽ አያድንም፣ አባባ። ሳትታከም ብታረግዝ ልናጣት እንችላለን። መርማሪዎቹ ማሳከም የሚችሉት ከፍንዳታው ጉዳት ደርሶበታል ተብሎ የተመዘገበን መንደር ነው።»

«ብናገር አማቾቿ ይሄዳሉ። ብናገር ያ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ሰውዬ ይመጣል። አንቺ ነገ ከተማሽ ትገቢያለሽ፤ እዚህ የምቀረው እኔ ነኝ።»

«እኔም እፈራለሁ።» የፈረሱን ልጓም ያዝ አደረገች። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ጋብቻ ሲመጣ ሰባት አባት የሚቆጠረው ለምንድን ነው?»

«ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነዋ! ደም እንዳይበላሽ። ይህን ሕፃን ያውቀዋል።»

«እንግዲያው አባቶቻችን የደም ነገር አላሳፈራቸውም። በእንግዳ ፊት ጮክ ብለው ቆጠሩት። እኛ ደማችን ላይ የደረሰውን ስንደብቅ ቆጠራውን ማጉደላችን አይደለም?»

«ይቺ ምላስሽ ባል ታስከለክልሻለች!» አሉና ፈረሳቸው ላይ ወጡ። ባዝራዋን ግን መፈለጉን ረስተው ወደ ቤት ገቡ።

በማግስቱ የሙሽራው አያት ኖጋይባይ ከሚስታቸው ከኩላይ ጋር መጡ። ኖጋይባይ ሰባት አባታቸውን ቆጠሩ፤ ሳርሰንባይም ቆጠሩ፤ የሚገናኝ ስም አልተገኘም። ከዚያ የበግ ጉበትና ላት በሳሕን ቀረበ። እሱን አብሮ የበላ ወገን ቃሉን ማጠፍ አይችልም። ባልዚያ ሻይ ይዛ ገባች፤ በዚያ ሙቀት ሻሿ እስከ አገጯ ተጠምጥሟል። ስትውጥ ፊቷ ሲጨማደድ አያቷ አዩ።

ኖጋይባይ እጃቸውን ሲዘረጉ ሳርሰንባይ ሳሕኑን ሳብ አደረጉት።

«አንድ ጊዜ። ቆጠራዬን አልጨረስኩም።»

«ስምንተኛ አባት ሊጨምሩልን ነው እንዴ!» ብለው ኖጋይባይ ሳቁ።

«ዳርመን የሚባል የልጅ ልጅ ነበረኝ» አሉ ሳርሰንባይ። ስለ ጓዳው ተናገሩ። ስለ ባልዚያ አንገትም ተናገሩ። በዚህ መካከል የመኪና ድምፅ ከውጭ ሲሰማ ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። መኪናው በደጅ አልፎ ሄደ።

«ምነው አሁን መንገርዎ?» አሉ ኖጋይባይ። «ከበላን በኋላ ቢሆን እኮ ምንም ማለት አንችልም ነበር።»

«ለዚሁ ነው አሁን የነገርኳችሁ።»

ኩላይ ከወደ በሩ «እኛም ሁለት ቀብረናል» አሉ። «የሙሽራው ታናሽ ወንድም ዐይን ሳይኖረው ነው የተወለደው። ክሊኒኩ ወሰደው፤ ሬሳውን እንኳ አልሰጡንም።»

«ኩላይ!»

«ዝም በል አንተ ሰውዬ! እሱ የራሱን ገመና ሲያወጣ እኛ ላቱን ልንውጥ ነው?»

ኖጋይባይ ሳሕኑን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። በመጨረሻ ሳሕኑ ይነሣ፣ ሁለቱም ልጆች ይመርመሩ፣ ላቱ ከዚያ በኋላ ይበላል ተባለ።

መርማሪዎቹ በመጡ ዕለት፣ መንደሩ ተሰብስቦ ሳለ የክሊኒኩ ኃላፊ «እንዲህ ያለ በሽታ የሚያሳይ ሰነድ የለም» አለ። ሳርሰንባይ ተነሡና ከራሳቸው ቤት ጀመሩ። ቀጥሎ ኩላይ፣ ከዚያም በጉባኤ ተናግረው የማያውቁ እናቶች አንድ በአንድ ተናገሩ። መንደሩ ተመዘገበ። ባልዚያም በቀዶ ሕክምና ዳነች፤ ሐኪሙ አንድ ክረምት ብትዘገይ ኖሮ አልደርስላትም ነበር ብሏል። ዛሬ በዚያ መንደር ከሰባቱ አባቶች ጋር የቤቱ ሕመም ሳይነገር ጋብቻ አይጸናም፤ ሕፃናት ሳይደበቁ ይመረመራሉ፤ ሐኪም የጻፈውን ቤተሰቡም ግልባጩን ይዞ ያስቀምጣል። አንድ እጅ ያቃጠለው በሌላ እጅ ይገኛል።

ፍርሃቱ ግን ገና አልለቀቃቸውም። አንድ ምሽት አንዲት ጎረቤት ሳርሰንባይ ቤት ገብታ «አባባ፣ የእኔንም ይቁጠሩልኝ» አለች። እሳቸው መጀመሪያ ደጅ ደጁን አዩ፣ በሩን ዘጉ፣ ከዚያ ተቀመጡ።

«ስሙ ማን ነበር?»

«ስም አልወጣለትም።»

«እንግዲያው አሁን እናውጣለት» አሉ።