ከማሽላ ማማ የወጣ ድምፅ

ሁሴን ይጮኻል፣ ቶፊቅ ጊታር ይመታል፤ ብላክ ሜታል የሚባለውን፣ በጩኸት የሚዘፈን የውጭ ሮክ ሙዚቃ ይጫወታሉ። ከከሚሴ ወደ ሰንበቴ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ ተቀምጠው ነበር።

«የደሴው ስቱዲዮ ባለቤት ምን አለህ?» አለ ቶፊቅ።

«ጩኸቱን አለስልሱ፣ ቅጂው ውስጥ የገባውን የነፋስ ድምፅ አጥፉ፣ ከዚያ ዘፈኑን አወጣላችኋለሁ አለኝ።»

«አንተስ?»

«ወላሂ፣ እንቢ አልኩት!»

«አቦ! ስንት ዓመት የጠበቅነው ዕድል እኮ ነው!»

«ቶፊቅ፣ እኔ ይህን ድምፅ ያወጣሁት ጨፋ ሜዳ፣ እርሻችን ማማ ላይ ሆኜ ከማሽላው ወፍ ሳባርር ነው። ወፏን በለስላሳ ድምፅ ብለምናት ጎረቤቶቿን ጠርታ ትመጣ ነበር።»

«ከውጮቹ ዘፋኞች የተማርከው መስሎኝ።»

«እነሱን የሰማሁት ኋላ ነው። እንደኔ ሲጮኹ ወደድኳቸው።»

«ታዲያ አሁን ማን ያወጣልናል?»

«ማማው ላይ በስልክ የቀዳነውን፣ ነፋሱም ወፉም እንዳለ፣ ራሳችን እንለቀዋለን።»

«ያ አላህ... እሺ፣ ልቀቀው።»

ጩኸት ብልግና ነው እያልሁ ልጆቼን ያሳደግሁት እኔ፣ ከስልኩ የሚወጣውን ልስማ ብዬ መስኮቱን ዘግቼ ወደ እነሱ ጠጋ አልሁ።