ታሽጎ የቀረው በር

የምስክር ስም፦ ዶ/ር ሩሐማ ዳበሳ
ዕድሜ፦ 44
ሥራ፦ የዕፅዋት ተመራማሪና መምህርት
አድራሻ፦ አሶሳ ከተማ፣ በባምባሲ መውጫ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጠዋት
ቃል ተቀባይ፦ ዋና ሳጅን ሕብረት ባፈና

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ግለሰብ፣ የታሸገ ቤት ሰብሮ ገብቷል ተብሎ በተጠረጠረው በአቶ ዋሊድ ሙሳ ላይ እንድመሰክር ተጠርቼ የቀረብኩ ሲሆን፣ የምመሰክረው በእሱ ላይ ሳይሆን ለእሱ መሆኑ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ። አቶ ዋሊድ ጎረቤቴ፣ የበርታ ሽማግሌና ቤት ሠሪ ነው። ምንም ነገር አልሰበረም።

ለብዙ ዓመታት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካስተማርኩ በኋላ በፈቃዴ ለቅቄ፣ ነጻ የሥነ ሕይወት ምርምርና የከፍተኛ ትምህርት ተቋም በግቢዬ ውስጥ መሥርቻለሁ። ጊዜያዊ ፈቃድ አለን፤ አልተሰረዘም። ቤቱን አቶ ዋሊድና ጎረቤቶቹ፣ በርታዎች ነፊር በሚሉት ደቦ፣ በሽመል ሠርተውልናል። ግማሹ መማሪያ ክፍል ሲሆን ግማሹ የችግኝ ቤት ነው።

ሽመል የቆላው ቀርከሃ ነው። በዕድሜው አንዴ ብቻ ያብብና ዘሩን ጥሎ ይደርቃል። በኩርሙክ መንገድ ያለው ጫካ አምና ስላበበ ዘሩን ለቅመን አብቅለናል። ተማሪዎቼ የሚመራመሩት በእነዚህ ችግኞች ላይ ነው። እነሱ ከሞቱ ሌላ ዘር የሚገኘው እኔ ካረጀሁ በኋላ ነው፤ ተቋሙም ያኔውኑ አለቀለት ማለት ነው።

ፈቃድ የሚመለከተው ቢሮ ኃላፊ አቶ ደባልቄ መጋቢት 14 ቀን መጥተው፣ ተቋሙ በቢሯቸው ሥር እንዲገባ፣ የምርምር ርዕስ ሁሉ በእሳቸው እንዲጸድቅ፣ ከታፔላውም ላይ «ነጻ» የሚለው ቃል እንዲፋቅ አዘዙ። እኔም «ሞቼ እገኛለሁ!» አልኳቸው። አዎ፣ ጮኼያለሁ፤ ይጻፍ። እሳቸውም በሩን በሰንሰለት ቆልፈው በማኅተም አሸጉት። ችግኞቹን ብቻ ላውጣ ብዬ ብለምናቸው፣ ይህን በር የነካ ይታሰራል ብለው ሄዱ።

የመጋቢት ፀሐይ በአሶሳ ምን እንደሚያደርግ ሳጅንም ያውቁታል። ከጥቂት ቀን በኋላ በግድግዳው ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ ቅጠሎቹ መጠቅለል ጀምረዋል። አለቀስኩ። ከንዴት እንጂ ከፍርሃት አይደለም። አቶ ዋሊድ ሰምቶ መጣና በሩን አይቶ ሳቀ። አማርኛውን ገበያ ላይ ስለተማረው እንደተናገረው ይጻፍልኝ፦ «ዶክተር፣ አንተ ለምን ያለቅሳል? በር የመንግሥት ይሁን። ግድግዳ እኔ አሰረ፣ እኔ ይፈታል።»

የቢሮው ሰዎች ያላወቁትን እዚህ ላይ ልግለጽ። ይህ ቤት አንድም ምስማር የለውም። ግድግዳው የተጠለፈ ሽመል ነው፤ በልጥ ይታሰራል፣ ሲፈለግም ይፈታል። ጣሪያውን ሰው ተሸክሞ የፈለገበት ያደርሰዋል። ይህን የሰፈራችን ሕፃን እንኳ ያውቃል። አቶ ደባልቄ ግን እዚህ ከተመደቡ ገና ዓመት አልሞላቸውምና፣ በር ሲያሽጉ ቤት ያሸጉ መስሏቸዋል።

ትናንት መጋቢት 18 ቀን ጠዋት፣ አገር እያየ፣ ነፊር ተጠራ። ጠሪዋ እኔ ነኝ። አቶ ዋሊድ «ወላሂ በር የነካ እኔ ጋር ይጣላል» ብሎ ሁሉንም ካስጠነቀቀ በኋላ የጓሮውን ግድግዳ ፈታ። ችግኞቹ ወጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ እሰይ! ከዚያማ ማን ያቁመን። የቀረውንም ግድግዳ ፈታነው። ጣሪያው በሰው ትከሻ፣ በእልልታ፣ ወደ አቶ ዋሊድ ግቢ ሄደ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ተቋሙ እዚያ ቆሟል፤ ታፔላውም «ነጻ» ከሚለው ቃሉ ጋር ተሰቅሏል። አመሻሹ ላይ አቶ ዋሊድ ተያዘ።

ማኅተሙ ተሰብሯል ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አልተሰበረም። ሄዳችሁ እዩት። በሩ ከነመቃኑ፣ ከነሰንሰለቱ፣ ከነማኅተሙ ሜዳው ላይ ብቻውን ቆሟል። የጎረቤት ፍየሎች በግራም በቀኝም ያልፋሉ፤ በሩን ግን አልነኩም። ቁልፉ በአቶ ደባልቄ እጅ ስለሆነ በፈለጉ ጊዜ ከፍተው ይግቡ።

ጥፋት አለ ከተባለም ፍታልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ከምስክርነት ወደ ተጠርጣሪነት ልዛወር፤ አቶ ዋሊድ ግን ይለቀቅ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። መሃሉ ላይ «በስህተት» የሚል ቃል ገብቶ ስላገኘሁት አሰርዣለሁ። የቀረው ሁሉ እኔው በአፌ የተናገርኩት እውነት ነው፤ ነገ በዳኛ ፊትም ይህንኑ እላለሁ። አቶ ዋሊድ ሳይፈታ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ተማሪዎቼ ችግኞቻቸውን ይዘው ከጣቢያው ደጅ ማንጎው ሥር ተቀምጠዋል፤ የዛሬውን ትምህርት የምሰጠው እዚያው ነው።

የምስክር ፊርማ፦ ሩሐማ ዳበሳ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ሕብረት ባፈና