በጋሽ ጭምት ጋዋን የተነፋ ትንፋሽ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም፦ በጥያቄያቸው መሠረት በተለየ ወረቀት ተይዟል
ዕድሜ፦ 44
ሥራ፦ በዱቄት ፋብሪካ የጆንያ ሰፊዎች ኃላፊ
አድራሻ፦ ከፋብሪካው ጀርባ ባለው የሠራተኞች ሰፈር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት
ጉዳዩ፦ በፋብሪካው የዱቄት ጎተራ ውስጥ በሠራተኛ ላይ የደረሰ የጤና ጉዳት

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት መጥሪያ ደርሶኝ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። ሁላችንም ሲስተር የምንላት የፋብሪካው ነርስ ሳትመረምር የጤና ውጤት ጽፋለች ተብላ ከማክሰኞ ጀምሮ በዚህ ጣቢያ ማረፊያ ክፍል መሆኗን ሰምቻለሁ። ሲስተር መርምራለች። የመረመረችው ግን ሌላ ሰው ነው። ያ ሌላ ሰው ታናሽ ወንድሜ ነው።

የምሠራው ከወፍጮው አዳራሽ በቀጭን ግድግዳ በተለየ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ የተሞላው ጆንያ አፉ የሚሰፋው በእኔና ከእኔ ጋር ባሉት ሴቶች እጅ ነው። የሠራተኛውን ጋዋን የምጠግነውና ደረቱ ላይ ቁጥሩን የምሰፋውም እኔ ነኝ። ወንድሜ ከወፍጮው ሥር ቆሞ ዱቄት ወደ ጆንያ ይሞላል። ወፍጮው ሲሠራ ሰው ሁሉ የሚግባባው በእጅ ምልክት ነው፤ እርሱ ግን ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ሆኖ ጮኾ ስለሚያሰማ ትሩምባ ይሉታል።

ተጎጂው ዋናው ወፍጮኛ ናቸው። ጋሽ ጭምት እንላቸዋለን። በፋብሪካው ከእርሳቸው በላይ የቆየ ሰው የለም፤ ጡረታቸው ሊደርስ አንድ ዓመት ይቀራቸዋል። አንድ ነገር ሲጠየቁ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሲበዛ አንድ ቃል ይመልሳሉ። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ እርሳቸው ዘንድ ይቀርባሉ፤ ዝም ብለው ሁለቱንም ሲያይዋቸው ጠበኞቹ አፍረው ይታረቃሉ። ይህን ሁላችንም የብልኅነት ምልክት አድርገን ነው የቆጠርነው። ለአዲስ ሠራተኛ የምንሰጠው የመጀመሪያ ምክር እንደ ጋሽ ጭምት አፉን እንዲሰበስብ ነበር።

ሲስተር ወደ እኛ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ለሌሎች ፋብሪካዎችም ስለምትሠራ የምትመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ፊታችንን ለይታ አታውቅም፣ የምታውቀን በጋዋናችን ቁጥር ነው። ባለፈው ወር የትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ ይዛ መጣች። በምሳ ሰዓት ሰብስባን የዱቄት ብናኝ ሳንባን እንደሚያስቆጣ፣ ሥራ ላይ ሲሆኑ የሚያፍን፣ በእረፍት ቀን ደግሞ የሚለቅ ሳል ቀላል እንዳልሆነ አስረዳች። ወንዶቹ ከሥራ ሲወጡ ልብሳቸውን በአየር መንፊያ ቱቦ እየነፉ የሚያራግፉትን እንዲተዉ፣ ወለሉም በደረቁ እንዳይጠረግ ተናገረች። ውጤቱ ዝቅ ያለበት ሰው ብናኝ ወደሌለበት ሥራ ይዛወራል እንጂ አይባረርም አለች።

ይህን የመጨረሻውን ማንም አላመናትም። ከእርሷ በፊት በነበረው ምርመራ አንድ የዱቄት መንፊያ ሠራተኛ ሳንባህ ደክሟል ተብሎ ለእረፍት ቤቱ ተላከ፤ እስከ ዛሬ ና ያለው የለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ሆነ።

ሲስተር ሠራተኞቹ ታጥበውና ልብስ ቀይረው እንዲቀርቡ ጠይቃ ነበር። የምርት አለቃው በእኔ ክፍል በር ላይ ቆሞ ሲመልስላት ሰምቻለሁ። "ሲስተር፣ ወፍጮው ለአንድ ሰው ሳንባ ብሎ አይቆምም። አንድ አንድ እያልኩ ልላክልሽ፤ እንዳሉ ተቀበያቸው" አላት። ስለዚህ ሁሉም እስከ ቅንድባቸው ዱቄት እንደለበሱ ቀረቡ። ዱቄት ጎረምሳውን ያሸብተዋል፣ የሽማግሌውን የፊት መስመር ይደፍናል። በዚያ መልክ ወንድሜን ከጋሽ ጭምት እኔ እህቱም ብሆን በአረማመድ ካልሆነ አልለየውም።

ተራ የሚጠብቁት በእኔ ክፍል፣ በጆንያው ክምር ላይ ተቀምጠው ነበር። የጫኞቹ አለቃ ጋሽ ጭምትን እያየ "ጋሼን እንዲህ በቀላሉ አሳልፈን አንሰጣቸውም" አለ። ሁሉም ወደ ወንድሜ ዞረ። ወንድሜ ነገሩ የገባው ቀስ ብሎ ነው። ሲገባው "ጋዋኑን አምጡት" አለ። አንዱ ጫኝ "እርሻ በደቦ አውቃለሁ፣ ቤት በደቦ አውቃለሁ፤ ትንፋሽ በደቦ ግን ገና ዛሬ አየሁ" ሲል ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ጋሽ ጭምት በእጃቸው እንቢ አሉ። ሁለተኛ ሲለመኑ መሬት መሬት እያዩ ጋዋናቸውን አወለቁና በካናቴራ ከክምሩ ጀርባ ተቀመጡ። ከዚያ በኩል ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይሰማኝ ነበር። የስፌት መኪናዬ ቀበቶ መስሎኝ ዘይት አጠጣሁት።

ወንድሜ የለበሰው ጋዋን የጋሽ ጭምት ለመሆኑ ጥርጥር የለኝም። ነጭ ክር አልቆብኝ ቁጥሩን በቀይ ክር የሰፋሁት የእርሳቸውን ብቻ ነው። ክንዱን ይዤ ምን እያደረገ እንደሆነ ብጠይቀው "ዝም በይ እትዬ፤ ዛሬ ጭምት እኔ ነኝ" አለኝ። እኔም ሳቅሁ።

የክሊኒኩ መስኮት ከስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት ነው። ሲስተር "ንፉ፣ ንፉ፣ አያቁሙ!" እያለች ስታበረታታ፣ ሦስት ጊዜ ስታስነፋና መሣሪያውን ደግማ ስታይ በዓይኔ አይቻለሁ። "ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜ ይህን ሳንባ ከየት አመጡት?" ስትልም ሰምቻለሁ። ወንድሜ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ሲወጣ ዞሮበት ግድግዳ ይዞ ነበር። ቀስ ብለህ ብትነፋስ ምን ነበረበት ስለው "ለጋሼ ሆኖ እንዴት ልሰስት?" አለኝ። ሌሎች ሠራተኞች ከገቡ በኋላ የራሱን ጋዋን ለብሶ ለራሱ ነፋ። ደክሞት ስለነበር ውጤቱ ሁለተኛ ወጣ። ከፋብሪካው አንደኛ ጋሽ ጭምት ሆኑ።

የምርት አለቃው ይህን በፈረቃ መግቢያ ላይ ጮክ ብሎ ሲናገር ሁላችንም አጨበጨብን። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ለሁላችንም ቀልድ ነበር።

በሳምንቱ ትልቁ የዱቄት ጎተራ እርጥበት ገብቶት ግድግዳው ላይ ዱቄት ጋገረ። እዚያ ውስጥ ገብቶ የሚፍቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። ቀድሞ በተራ ነበር የሚገባው። ሲስተር ግን ደረቱን የሚያመው ሰው ጎተራ እንዳይገባ አሳስባ ስለነበር አለቃው ዘንድሮ በጤና እንምረጥ አለ። በዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር አለቃው ያደረገው ሲስተር ያለችውን ነው። "ከጋሽ ጭምት የበለጠ ጤነኛ የለንም" ብሎ ገመዱን ሰጣቸው። እርሳቸው እኛን አዩ። እኛ ወለሉን አየን። ወንድሜ ብቻ "አለቃ፣ እኔ ልግባ" አለ። አለቃው ትከሻውን መታ አድርጎ "አንተ ሁለተኛ ነህ፤ ተራህ ይደርሳል" አለው። ያን ጊዜ እንኳ አንዳችን እውነቱን ብንናገር ሰውየው አይገቡም ነበር።

ጋሽ ጭምት ገመዱን ወገባቸው ላይ አስረው መፋቂያውን ይዘው ገቡ። የመፋቂያው ድምፅ እስከ እኔ ክፍል ይሰማ ነበር። ቆይቶ ተቋረጠ። ውጭ ቆሞ የገመዱን ጫፍ የያዘው ሠራተኛ ያረፉ መስሎት ጠበቀ። ጋሼ ብሎ ተጣራ፤ መልስ የለም። ለእርሱ ይህ አላስደነገጠውም፤ ጋሽ ጭምት ሲጠሩ አለመመለሳቸው ለማንም አዲስ አልነበረምና። እንደገና ጠበቀ። ምን ያህል እንደሆነ በትክክል መናገር አልችልም፤ እኔ በዚህ መካከል አንድ ክር ጨርሼ ሌላ ቀይሬአለሁ። ወንድሜ ባዶ ጆንያ ሊወስድ ሲያልፍ የገመዱን መርገብ አይቶ ጮኸ። ወፍጮው የቆመው በእርሱ ጩኸት ነው። ራሱ ገብቶ አቅፎ አወጣቸው። ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። በዱቄት ማመላለሻው መኪና ሆስፒታል አደረስናቸው።

ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተደርጎላቸዋል። ገና ከበሩ ሳልገባ ንግግር ሰማሁና ሌላ እንግዳ ያለ መሰለኝ። የሚናገሩት እርሳቸው ነበሩ። የአለቃውን አረማመድ እያስመሰሉ፣ የጫኞቹን ጠብ ከነምክንያቱ እየተረኩ፣ አጠገባቸው የተኛውን በሽተኛ ሆዱን ይዞ ይብቃኝ ብሎ እስኪለምናቸው ድረስ ያስቁት ነበር። ለእኔም "ያ ወንድምሽ በእኔ ስም ሲነፋ ከጆንያው ኋላ ሆኜ በሳቅ ልሞት ነበር፤ መሳቂያ ትንፋሽ ግን አልነበረኝም" አሉኝ። ባለቤታቸው "ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ስኖር ይህን ሁሉ ወሬ የት ደብቆት ኖረ?" እያሉ እንባቸውን ይጠርጋሉ፣ ይስቃሉም። ሰውየው ለብዙ ዓመት ዝም ያሉት የሚናገሩት አጥተው እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ነገር ግን ሲስተር መከሰሷን ለእርሳቸው የነገራቸው አልነበረም። እንዳይደነግጡ ተብሎ ነው። ባለቤታቸው በኮሪደሩ ላይ እንደነገሩኝ፣ ሲስተርን የከሰሷት እርሳቸው ናቸው፤ አለቃው ያንን ውጤት ሲያሳያቸው ሳትመረምር የጻፈችው መስሏቸው ነው። እኔም እውነቱን ላስረዳቸው ስጀምር እጃቸውን አፌ ላይ አደረጉ። "ለእኔ አትንገሪኝ። እኔ ብሰማው ወንድምሽን እረግመው ይሆናል። የሚነገርበት ቦታ አለ፤ እዚያ ሂጂና ተናገሪ" አሉኝ።

ወንድሜን ትናንት ማታ አስቀምጬ እርሱ ይናገር ወይስ እኔ ብዬ ጠየቅሁት። ይህን ከተናገረ ከሥራ እንደሚወጣ ያውቃል፤ እኔም አይቼ ዝም በማለቴ አብሬው ልወጣ እችላለሁ። ሁለታችንም በዚያው ፋብሪካ ነው የምንተዳደረው። ዛሬ ጠዋት ስነሳ ጫማውን አድርጎ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። "አንቺ ቅደሚ" አለኝ። አሁን ከዚህ ክፍል ውጭ አግዳሚው ላይ አለ።

ሲስተር መሥራት ያለባትን ሠርታለች። ታጥበው ይምጡ ያለችው ቃሏ ቢሰማ ኖሮ ፊት ከፊት ትለይ ነበር። ከሥራ አትባረሩም ስትለን ብናምናት ደግሞ ማንም የሰው ጋዋን አይለብስም ነበር። ምርመራው ሁሉም ታጥቦ፣ እያንዳንዱ በገዛ ትንፋሹ፣ እንደገና እንዲደረግ እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ። መርማሪው ይህ የፖሊስ ሥራ አይደለም ብሎኛል፤ ቢሆንም ጽፎልኛል።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኛል። መርማሪው ስለ ተጎጂው "በጠባያቸው ዝምተኛ" ብሎ የጀመረውን መስመር አሰርዤ፣ "መናገር የሚወዱ፣ ነገር ግን በሥራ ቦታ ትንፋሽ የሚያጥራቸው" ተብሎ በመዝገቡ እንዲገባ አድርጌአለሁ። ከዚህ በቀር የሚጨመርም የሚቀነስም የለኝም። ያየሁትንና የሰማሁትን እንጂ የገመትኩትን አልተናገርኩም፤ ነገ ፍርድ ቤት ብጠየቅም ይህንኑ እደግማለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ________

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ከምስክሯ ቀጥሎ ወንድሟ ቃሉን ለመስጠት ቀርቧል። ድምፁ ስላልተሰማ ከፍ አድርጎ እንዲናገር ሁለት ጊዜ ተነግሮታል።