ሁለቱ ቅርንጫፎች

መለኪያ ጣቢያ የሌለውን ወንዝ ጎርፍ የምንገምተው የአገሩን ሽማግሌ ጠይቀን ነው፤ ውሃው እስከ የት ደርሶ እንደነበር ያሳዩናል፣ እኛ ከዚያ እናሰላለን። አንገር ጉቲን አጠገብ ድልድይ ሊሠራ ሲታሰብ ኦቦ ቶለራ የሚባሉ አዛውንት ወንዙ ዳር ያለ ዋርካ ጋ ወሰዱኝ። «ከላይኛው ቅርንጫፍ ሥር ደርሶ ነበር» አሉኝ። ቀና ብዬ ሳይ ከቁመቴ እጥፍ በላይ ነው! ድልድዩ እንዲተልቅላቸው ያጋነኑ መሰለኝና ፈገግ ብዬ፣ «ኦቦ፣ በምን አወቁ?» አልኳቸው።

«ላይኛው ላይ የተንጠለጠልኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ። «ታችኛው ላይ ወንድሜ ነበር።»

የምገባበት ጠፋኝ። ሜትሬን ዘረጋሁና ሁለቱንም ለካሁ። ያን ቀን ቅጹ ላይ የሞላሁት ቁጥር ከወንድማቸው በላይ፣ ከእሳቸው በታች ነው።